በዓሉ ካለፈ በኋላ ማን ይጠብቀናል?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ በአንድ ቀን ከአምስት ሰው ደረሰኝ፤ ሁለቱ የቅርብ ዘመዶቼ ናቸው። ምክሩ በአጭሩ «በበዓል ሰሞን አትጓዙ» የሚል ነው። ጸሐፊው በቁም ነገር አስበውበት የጻፉት ስለሆነ፣ ብዙ ሰውም «እውነታቸውን ነው» እያለ ስላስተላለፈው ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። እኔ በየዓመቱ ለመስቀል ጉራጌ አገር፣ እምድብር አጠገብ ወዳለው ቀዬአችን የምገባ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለስድስት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት ስሸጥ ኖሬያለሁ። የበዓል ተጓዥን በመስኮቱ ከሁለቱም ወገን ቆሜ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ነጥቦች ላስቀምጥ። በዓል ሲደርስ የመኪናም፣ የአውሮፕላንም፣ የሆቴልም ዋጋ ስለሚንር አንድ ሳምንት አሳልፎ የሚጓዝ ሰው ገንዘቡንም ጉልበቱንም ያተርፋል ይላሉ። ላሊበላም ጎንደርም የትም ስለማይሄዱ ሕዝብ በሌለበት ቢታዩ ይሻላል። እናት አባትን ለመጠየቅ ቀን አይመረጥም፤ እንዲያውም ግርግር በሌለበት ጊዜ ቢሄዱ ለጨዋታ ይመቻል። የበዓል ሰሞን መንገድ ለሕይወት ያሰጋል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም ገናንና ጥምቀትን ትተው በየካቲት ቢመጡ ይጠቀማሉ፤ የበዓላቱ ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ከእነሱ የራቀ ቀን መምረጥ ቀላል ነው። ከዚህ የጎደለ ወይም የተጣመመ ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከመንገዱ ልጀምር፤ እዚህ ላይ አብዛኛው ቃላቸው ልክ ነውና። የበዓል ዋዜማ መናኸሪያ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ በሩ ሳይከፈት ሰው ሻንጣውን፣ ፌስታሉን፣ እግሩ የታሰረ ዶሮውን ይዞ ተጋፍቶ ይቆማል። መስኮቱ ላይ «ትኬት አልቋል» ሲባል ከአጥሩ ውጭ ደላላ ይጠብቃል። እጥፍ ዋጋ ተቀብሎ ሚኒባስ ውስጥ ያስገባል፤ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት አምስት ሰው ይታጨቃል፤ ሹፌሩም ተመልሶ ሌላ ለመጫን ሳይተኛ ይነዳል። በዚህ መንገድ የሄዱና ያልደረሱ ሰዎችን አውቃለሁ። ስለዚህ «መንገዱ ያሰጋል» ላሉት አልከራከርም።

የምከራከረው አደጋውን ለበዓሉ በመስጠታቸው ነው። ያ ሚኒባስ በጥቅምትም ሌሊት ትርፍ ጭኖ ቢወጣ ያው ነው። ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጠው ሰዓቱና አጫጫኑ ነው፤ ያን ደግሞ በበዓል ሰሞንም መምረጥ ይቻላል። በቀን መጓዝ፣ ከመናኸሪያ በትኬት መሳፈር፣ ትርፍ የጫነ መኪና ላይ አለመውጣት፤ ትኬት ካለቀ ደግሞ ደላላ ከመከተል ወደ ቤት ተመልሶ በማግስቱ መሞከር። አንድ ቀን ዘግይቶ መድረስ ከበዓል መቅረት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ምክራቸው ልግባ። «አንድ ሳምንት ጠብቁ» ይላሉ። ይህን የጻፉት የእኛን ቀን መቁጠሪያ ሳይገልጡ ይመስለኛል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። አንድ ሳምንት ጠብቆ ጥር 6 የሚነሳ ሰው ከከተራ አራት ቀን በፊት መንገድ ላይ ነው፤ ወደ ጎንደር ከሆነ የሚሄደው፣ ከዓመቱ ሁሉ ሕዝብ የሚበዛበትን ሳምንት መረጠ ማለት ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ሳምንት አሳልፎ ከድሬዳዋ የሚመለስ ሰው ከገና ተጓዥ ጋር ይጋፋል። መስቀል መስከረም 17 ነው። ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ስለሆነ የደሴ መንገድ በምእመን ይሞላል። ከመስቀል ቀጥሎ በሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ኢሬቻ አለ፤ በዚያ በኩል ወደ ደቡብም ወደ ምሥራቅም የሚወጣ ሰው ሰዓቱን ካላሰበበት መንገድ ላይ ይውላል። ፋሲካስ? ሳምንቱ ዳግም ትንሣኤ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በጾሙ ምክንያት የቆየ ሠርግ ሁሉ ያን ጊዜ ይጀመራል። አዳራሽና መኪና የሚጠፋው፣ የበግ ዋጋም አልወርድ የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህን ጽሑፍ የተቀበለው ሰው ሁሉ ምክሩን ቢሰማ ግፊያው ወደ ሳምንቱ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ያን ጊዜ ጸሐፊው ሁለት ሳምንት ጠብቁ ሊሉን ነው?

ስለ ዋጋ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። የላሊበላና የጎንደር ሆቴሎች ለገናና ለጥምቀት ዋጋ ይጨምራሉ፤ አንዳንዱ ከልክ ያልፋል፤ ይህን አልክድም። የአውቶቡስ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት በመስኮት የምንሸጠው በወጣው ታሪፍ ነበር፤ በዓል ስለሆነ አንድ ብር አልጨመርንም። እጥፍ የሚያስከፍለው ትኬት ሲያልቅ የሚመጣው ደላላ ነው፤ ትኬት ደግሞ የሚያልቀው ሁላችንም በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ስለምንመጣ ነው። አውሮፕላንም ቢሆን ወንበሩ በተለያየ ዋጋ ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። ርካሹ ቀድሞ ያልቃል፤ ውዱ ለዘገየ ሰው ይተርፋል። ስለዚህ ኪስን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ትኬቱን የቆረጥንበት ቀን ነው።

ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ የታዘብኩትን አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው አልነኩትም፣ ለተጓዥ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ለመስቀል የሚወጣው ሰው ቀስ በቀስ ነው የሚወጣው። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ መስከረም 12 ይሄዳል፤ ሌላው በ13፣ በ14 ይከተላል፤ የመንግሥት ሠራተኛው በዋዜማው ይወጣል። መመለሻው ግን እንዲህ አይደለም። ሥራ በሚገባበት ቀን ዋዜማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ወልቂጤ ላይ ሰው ከነልጁ ጠዋት ተሰልፎ ማታ የሚሳፈረው ያን ቀን ነው። የሚገርመኝ ደግሞ ከመቶ ሰው ዘጠናው የመሄጃውን ጉዳይ ሲጨርስ የመመለሻውን ረስቶት ይሄድ ነበር። ለቤተሰብ ደውሎ እዚያው ካለው መናኸሪያ አስቀድሞ ማስቆረጥ፣ ካልሆነም ፈቃድን በሁለት ቀን አስረዝሞ በሳምንቱ መካከል መመለስ ግማሹን ስቃይ ያስቀራል። አራት አምስት ቀን ቀድሞ መሄድም እንዲሁ። ቀድሞ የሄደ ሰው እንጨት ይፈልጣል፣ በሬ ለመግዛት ገበያ ይወጣል፤ እንግዳ ሆኖ አይቀመጥም።

ፈቃድ የማያገኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የቀን ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ጥበቃ፣ የሱቅ ተቀጣሪ «አምስት ቀን ቀድመህ ሂድ» ቢባል አይሆንለትም። ለእነዚህ ሰዎች የጸሐፊው ምክር ከእኔ ምክር የተሻለ ሊሆን ይችላል። ቅርብ አገር ላለው ግን የበዓሉ ዕለት ማለዳም አለ። ያን ቀን መንገዱ ጭር ይላል፤ መኪናም ስለሚያንስ ከዋዜማው መጠየቅና ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል።

«ቦታው የትም አይሄድም» ለሚለው ነጥብ ስለ ላሊበላ አንድ ነገር ልመን። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ እንዴት እንደወጣ አፋፉ ላይ ቆሞ ለማየት፣ በየዋሻው በቀስታ ለመግባት፣ ጸጥ ያለ የኅዳር ጠዋት ይሻላል። ለሕንፃው የሚሄድ ሰው ጸሐፊውን ይስማ። የጸጥታው ነገር ደግሞ ከግርግር የተለየ ጥያቄ ነው፤ በየትኛውም ወር ቢሆን ከመነሳት በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ይገባል።

ነገር ግን ቤዛ ኩሉ የሚባለው የገና ዝማሬ በኅዳር የለም። በገና ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው አለት አናት ላይና ከታች በግቢው ተከፍለው፣ የላዮቹ እንደ መላእክት የታቾቹ እንደ እረኞች ሆነው የሚቀባበሉት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ጎንደር ላይማ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው። በሌላ ጊዜ የሄደ ሰው ደረቅ ገንዳ፣ በግንቡ ላይ የተጠመጠሙ የዛፍ ሥሮችና አንድ ዘበኛ ያያል። ግንቡ ያምራል፤ ጥምቀት ግን አይደለም። ዩኔስኮም ላሊበላን እ.ኤ.አ. በ1978፣ የጎንደርን ግንብ በ1979 በቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ድንጋዩን ነው። መስቀልን በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. ሲመዘግብ ግን የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ነው። የማይዳሰሰው ነገር ሰዉ ነው፤ ዝማሬው፣ እልልታው፣ ታቦቱን አጅቦ የሚወርደው ሕዝብ። ሕዝቡን ቀንሰን ቅርሱን እንይ ማለት አይቻልም።

ይህን ስል ግፊያው አይጎዳም ማለቴ አይደለም። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ዕለት ጎንደር ላይ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎች ቆስለዋል። ከልጅ ወይም ከአዛውንት ጋር የሚሄድ ሰው በጠዋቱ የውኃ ቡራኬ ሰዓት ከገንዳው ዳር ይራቅ፤ በጣውላ በተሠራ መደብ ላይም አይውጣ። ከተራን ማታ ታቦታቱ ሲወርዱ ከመንገድ ዳር ማየት ይቻላል፤ ሌሊት ማኅሌቱ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ አለ። የሚካኤል ታቦት ደግሞ የሚመለሰው በማግስቱ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ዕለት ስለሆነ፣ ያን ቀን የቆየ ሰው ያንኑ ዝማሬና ሆታ በቀለለ ሕዝብ መካከል ያያል። ጸሐፊው ይህን ቢመክሩን ኖሮ እኔም ጽሑፋቸውን ለዘመድ እልከው ነበር።

የበዓላት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው ያሉት ለውጭ አገር ነዋሪ በተለይ አሳሳች ነው። በጽሑፋቸው ጥምቀት «ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19» ነው ብለዋል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ጥምቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲያው ይሆናል። በዚያው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው መካከል ይመላለሳል። ዒድ አል ፈጥርን ደግሞ ከነጭራሹ ረስተውታል፤ ረመዳን 29 ይሁን 30 የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው። የሙስሊም ወገኖቻችን ጉዞ በአንድ የተቆረጠ ቀን ላይ ሊታቀድ አይችልም። በፊትም በኋላም አንድ አንድ ቀን ጨምሮ ፈቃድ መጠየቅ፣ ቀኑ ሊለወጥ የሚችል ትኬት መያዝ ያስፈልጋል። በዓሉ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣም ያለፈው ዓመት ልምድ አይሠራም።

«በየካቲት ኑ» የሚለው ምክር ጡረታ ለወጣና ጊዜው በእጁ ላለ ሰው ጥሩ ነው፤ በዚያ ወር አየሩም ደስ ይላል። ዲሲ ሆኖ ሁለት ልጅ ለሚያስተምር ሰው ግን የካቲት የትምህርት ወር ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ደግሞ ወሩን አትመርጥም፤ የምትመጣው ውሏ ሲያልቅ፣ አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ነው። በዓል ላይ ከደረሰላት እግዜር ረዳት ማለት ነው። እሷን «ሰው በሚበዛበት ጊዜ አትምጪ» የሚላት ማን ነው?

ሆድ ሆዴን የበላኝ ግን ስለ ወላጆች የጻፉት ነው። «እናትህን ለማየት ቀን አያስፈልግህም» ይላል ጽሑፉ። ቃሉ ሲነበብ ያምራል፤ እኔ ግን ይህን ምክር ማንም ሳይመክረኝ ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ትኬት ሻጭ ለበዓል ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። ሌላውን ሰው ሁሉ ለመስቀል ሸኝቼ እኔ የምገባው መስከረም 25፣ 26 ላይ ነበር። ልክ እንደ ጽሑፉ መንገዱ ቀሎኝ፣ ወንበር ተርፎኝ፣ ደላላ ሳላይ እደርስ ነበር።

አንዱን ዓመት ልንገራችሁ። ስደርስ እናቴ በር ላይ እንሰት ትፍቅ ነበር። ቤቱ ተጠርጓል፤ የተጎዘጎዘው ሣር ደርቆ ከጓሮ ተከምሯል፤ ጣባዎቹ ታጥበው፣ ታጥነው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። የቀንድ ማንኪያዎቹም በጨርቅ ተጠቅልለው ተሰቅለዋል። ለእኔ ብላ በትንሽ እንስራ ያስቀረችውን ቅቤ አወጣች። ክትፎውን ሠርታ፣ ጎመኑንና አይቡን አቅርባ፣ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስበላ ታየኝ ጀመር። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔ ከልጆቹ ጋር በልቻለሁ» አለችኝ። ልጆቹ የሐዋሳዋ እህቴ፣ የጅማው ወንድሜና የአጎቶቼ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ሄደዋል። እናቴን አየኋት፣ እውነት ነው። ሌላ ያየሁት ሰው ግን አልነበረም።

ከዚህም የባሰው የድንበሩ ነገር ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በእንሰት ማሳ ድንበር ተቀያይመን ነበር። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የሚታየው በመስቀል ነው። ሽማግሌ የሚሟላው ያን ጊዜ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከሌላውም አገር የገባው ሁሉ ስላለ «አልሰማሁም» የሚል አይኖርም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አጎቴም መጣ። «የበኩር ልጁ የት አለ?» ሲባል እኔ ወልቂጤ የሚሄድ ሰው ትኬት እየቆረጥኩ ነበር። ያለ እኔ አይሆንም ተብሎ ነገሩ ለሚቀጥለው መስቀል ተቀጠረ። ከአጎቴ ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገት እየሰበርን አንድ ዓመት ከረምን። የታረቅነው በዓመቱ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ምርቃት ተቀብለን ነው።

ጸሐፊው ያላዩት ይህንን ይመስለኛል። እያንዳንዳችን በየፊናችን፣ በሚመቸን ቀን ብንሄድ ሁላችንም እናታችንን እናያለን፤ እርስ በርስ ግን አንተያይም። ወንድሜን የማገኘው እሱም እኔም በአንድ ቀን ስለምንገባ ነው። ልጃችንን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡት አባትም አጎትም ቤት በሚሆኑበት ቀን ነው። እናቶች ወራት ሙሉ የቅቤ እቁብ የሚጥሉት፣ አባቶች ለበሬ የሚቆጥቡት አንድ ቀን ስላለ ነው። «መጨናነቅ» ተብሎ የተጻፈው ነገር ከእኛ በር ሲደርስ ስም አለው፤ እህቴ ነው፣ የአጎቴ ልጅ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው።

ሥራዬን የቀየርኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ካለፈው ስድስት ዓመት ወዲህ ግን ከመስቀል ቀርቼ አላውቅም። ለዘንድሮው የዓመት ፈቃዴን በሐምሌ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የምነሳው መስከረም 11፣ በቀን አውቶቡስ ነው። መመለሻዬን የአጎቴ ልጅ ከወልቂጤ ለመስከረም 22 ይቆርጥልኛል። እህቴ ከሐዋሳ በ12 ትገባለች። በ14 ከአጎቴ ጋር ገበያ ወጥተን በሬውን እንመርጣለን፤ እናቴ ደግሞ የቅቤ እቁቡ ዕጣ ወጥቶላት ቅቤውን አንጥራ መጨረሷን ትናንት ማታ ደውላ ነግራኛለች።